ቀለም ያልነካው መስመር

የድሮ ብራና መጽሐፍ ሲገለጥልኝ ከፊደሉ በፊት ዓይኔ የሚሄደው ወደ ቀዳዳው ነው። ሌላው ሰው ሥዕሉን፣ ሐረጉን፣ የቀዩንና የጥቁሩን ቀለም ድምቀት ሲያደንቅ እኔ ኅዳጉን እፈትሻለሁ። በገጹ ዳርና ዳር የመርፌ ጫፍ የሚያሳልፉ ጥቃቅን ብሶች ከላይ እስከ ታች ተደርድረዋል። ከአንዱ ብስ ፊት ለፊቱ ወዳለው ብስ ደግሞ ስርጉድ ያለ መስመር ተስቧል። ቀለም አልነካውም፤ መጽሐፉን ወደ መስኮት ዘንበል አድርገው ብርሃኑ ከጎን እንዲያርፍበት ካላደረጉ በቀር አይታይም። ያ ሁሉ ፊደል ሽቅብ ሳይወጣ፣ ቁልቁል ሳይወርድ የተሰለፈው ግን በዚያ መስመር ነው።

እኔ የሒሳብ መምህር ነበርኩ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ነጥብን፣ መስመርንና ጠለል የምንለውን ዝርግ ገጽ ለዘጠነኛ ክፍል ልጆች ሳስረዳ ኖሬያለሁ። የእናቴ ወንድም ደግሞ ደብረ ታቦር አጠገብ ባለ አንድ ደብር ቁም ጸሐፊ ነበሩ፤ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርቴን የተማርኩት እሳቸው ቤት ተቀምጬ ነው። ቤተሰቡም ጎረቤቱም የኔታ ነበር የሚላቸው። ጠዋት ትምህርት ቤት ስለ ነጥብና መስመር የተነገረኝን፣ ከሰዓት በኋላ የኔታ ደጃፍ በወስፌና በቆዳ ሲሠራ አየው ነበር። ያን ጊዜ ሁለቱ ነገር አንድ መሆኑን ማንም አልነገረኝም፤ እኔም ዩኒቨርሲቲ ገብቼ እስክወጣ ድረስ አላሰብኩትም። ዛሬ ግን በድፍረት የምናገረው ነገር አለኝ፦ በዚህ አገር የነጥብ፣ የመስመርና የጠለል ዝምድና ከዘመናዊ ትምህርት ቤት ጋር የገባ እንግዳ ነገር አይደለም። አንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው፤ ያለውም በየብራናው ኅዳግ ላይ ነው።

ትምህርቱ በመጽሐፍ የሚጀምረው ከነጥብ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ በእስክንድርያ የሠራው ዩክሊድ 13 መጻሕፍት ያሉትን የጂኦሜትሪ ሥራውን ሲከፍት በመጀመሪያ ያቆመው ሊከፈል የማይችለውን ነጥብ ነው። ስፋት የሌለውን መስመር ቀጥሎ አመጣ፤ ርዝመትና ስፋት ብቻ ያለውን ገጽ በመጨረሻ። የመስመር ዳርቻው ነጥብ፣ የገጽ ዳርቻው መስመር ሆነ። ለአስተማሪ ይህ ቅደም ተከተል ጭንቅ ነው። ሰሌዳ ላይ በጠመኔ አንድ ነጥብ አሳርፌ «ይህ ነጥብ ምንም ስፋት የለውም» ስል፣ ከኋላ ወንበር «ቲቸር፣ ስፋትማ አለው፤ ከዚህ ይታየኛል!» የሚል ልጅ ጠፍቶ አያውቅም። ልጁ ትክክል ነው። ጠመኔ የሚተወው ነጥብ ስፋት አለው፣ ዱቄትም አለው።

ብራና ሠሪው የሚሄደው በተቃራኒው ነው። ከጠለሉ ይነሣል፣ ነጥቡን ይወጋል፣ መስመሩን በመጨረሻ ያወጣል። የኔታም እንደዚያው ነበሩ፤ ነጥብ ምንድን ነው ብለው ሲጨነቁ አላየኋቸውም። በዚህ ረገድ ከዩክሊድ ይልቅ የሚቀርቡት ለጀርመናዊው ዳቪድ ሂልበርት ነው። ሂልበርት እ.ኤ.አ. በ1899 የጂኦሜትሪን መሠረት እንደገና ሲያበጅ ነጥብም መስመርም ጠለልም ምን እንደሆኑ ለመተርጎም አልሞከረም። ያስቀመጠው እርስ በርስ ያላቸውን ዝምድና ነው፦ ሁለት ነጥቦች አንድ ቀጥታ መስመር ይወስናሉ፤ በአንድ መስመር ላይ ያልዋሉ ሦስት ነጥቦች አንድ ጠለል ይወስናሉ፤ እያለ ይቀጥላል። የኔታ ቤት የሚሠራበት ሕግ ይኸው ነበር፤ ያልተጻፈ መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ።

እስቲ ከጠለሉ እንጀምር። አብዛኛውን ጊዜ ቆዳው የፍየል ወይም የበግ ነው። ውሃ ውስጥ ከሰነበተ በኋላ ዙሪያው ይበሳል፤ በየብሱ አጭር ስንጥር ይሻጥበትና በገመድ ተይዞ ከአራት እንጨት በተሠራ መወጠሪያ ላይ ይወጠራል። ስቡና የሥጋው ቅሪት በቢላ ይፋቃል፤ በሌላው ወገን ያለው ፀጉር ተላጭቶ ይወርዳል፤ ከዚያ በሻካራ ድንጋይ ይታሻል። ኖራ አይገባበትም፤ ለጫማና ለጠፍር እንደሚሆነው ቆዳም አይለፋም። ቆዳው ብራና የሚሆነው ተወጥሮ በመፋቁና ተወጥሮ በመድረቁ ብቻ ነው። እየደረቀ በሄደ ቁጥር ይሸሻል፣ ገመዱን ይስባል፤ ስለዚህ ዙሪያውን እየዞሩ ማጥበቅና ማላላት ያስፈልጋል።

ችግሩ ያለው መወጠሪያው አራት ማዕዘን በመሆኑ ላይ ነው። የኔታ የሚቀመጡባት ዱካ ሦስት እግር ነበራት፤ ጎርበጥባጣ መሬት ላይ ብትቀመጥም አትነቃነቅም። ሦስት ነጥቦች የትም ይሁኑ የት ሁልጊዜ አንድ ጠለል ያገኛቸዋል። አራተኛው ነጥብ ግን ዋስትና የለውም። የመወጠሪያው ሦስት ማዕዘን አንድ ጠለል ላይ ሆኖ አራተኛው አንድ ጣት ያህል ቀና ቢል፣ ፊት ለፊት ያሉት ሁለት እንጨቶች አይገናኙም፣ ግን ትይዩም አይደሉም፤ በመካከላቸው የተወጠረው ቆዳም ይጠማዘዛል። በዚያው ከደረቀ ሁለት ማዕዘኑ ሽቅብ፣ ሁለት ማዕዘኑ ቁልቁል እንደጎበጠ ይቀራል። በኋላ ቢጫኑት፣ ቢያጥፉት አይመለስም።

የኔታ ይህን የሚያጣሩበት ዘዴ ነበራቸው። መወጠሪያውን ድንጋይ ላይ ያጋድሙና በርከክ ብለው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከቅርቡ እንጨት ጫፍ ላይ ወደ ማዶው እንጨት ይመለከታሉ። ሁለቱ እንጨቶች እኩል ሆነው አንዱ ሌላውን ከጋረደው ደህና ነው። የማዶው እንጨት በአንድ ወገን ብቅ ካለ ግን «አንዱ ማዕዘን አኩርፏል» ይሉና ያኮረፈውን ገመድ ፈትተው እንደገና ያስሩታል። እኔ ደግሞ በተራዬ እንድበረከክ ይጠሩኛል። «ና እስቲ አንተ ልጅ፣ ዓይንህ ያንተ ይሻላል፤ ታረቀ ወይስ አልታረቀም?» ትይዩ ያልሆኑና የማይገናኙ መስመሮች የሚለውን ትምህርት በመጽሐፍ ሳገኘው ወዲያው የገባኝ ያንን ያኮረፈ ማዕዘን ስለማውቀው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ይህ ሁሉ ዕውቀት እንደ ዕውቀት ተቆጥሮ አያውቅም። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ንባብ ቤት፣ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤት፣ መጽሐፍ ቤት አለው፤ ብራና መፋቅና ቁም ጽሕፈት ግን የራሱ «ቤት» አልነበረውም። ከአንዱ ጸሐፊ ሥር ተቀምጠው፣ ውሃ እየቀዱና ቆዳ እየያዙ የሚለምዱት ነገር ነው። የሒሳብ ሊቅነት ሲነሣ የሚጠቀሰው የዘመን አቆጣጠር ስሌቱ ባሕረ ሐሳብ ነው። ብዙ ሰው ሲያነብ ኖሮ ሲሞት ስሙን እንኳ አይጽፍም ነበር፤ ማንበብና መጻፍ ሁለት የተለያዩ ሙያዎች ነበሩና። በዚያ ላይ ከቆዳ ጋር የሚውል ሰው በአገራችን ስድብ አያጣውም። ቆዳ አልፊው «ፋቂ» እየተባለ ሲናቅ፣ አንጥረኛውና ሸማኔው ሲሰደብ ኖሯል፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል። የብራናው ጸሐፊ በደብተራነቱ ከስድቡ ቢተርፍም፣ ሥራው ላይ የእጅ ሥራ የሚል ማኅተም ተመትቶበታል። የኔታ ቅኔ ሲቀኙ ሰው ይሰበሰብ ነበር። ማዕዘን ሲያስታርቁ የሚያያቸው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ብራናው ደርቆ፣ ከመወጠሪያው ወርዶ፣ በልክ ከተቆረጠና ከሁለት ከታጠፈ በኋላ ወስፌው ይመጣል። አንድ ዕጥፍ ብራና ሁለት ቅጠል፣ አራት ገጽ ይሆናል። በሁለት ዓምድ፣ በየዓምዱ 20 መስመር የሚጻፍ መጽሐፍ እንውሰድ። ዕጥፉ ተዘርግቶ ሲታይ ለአግድሞቹ መስመሮች በግራ ዳር 20፣ በቀኝ ዳር 20 ብስ ያስፈልጋል። ለዓምዶቹ ድንበር የሚሆኑት ቋሚ መስመሮች በእያንዳንዱ ቅጠል አራት፣ በዕጥፉ ስምንት ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ከላይና ከታች አንድ አንድ ብስ ሲኖራቸው 16። በጠቅላላው 56 ነጥብ። ጥራዙ እንደተለመደው ከአራት ዕጥፍ ሲሆን 224 ይደርሳል። 20 ጥራዝ ያለው መጽሐፍ 4,480 ነጥብ ይዟል ማለት ነው፤ ገና አንዲት ፊደል ሳትጻፍ።

የኔታ ግን 56 ጊዜ አይወጉም። ብራናውን እንደታጠፈ ይወጉታል፤ 28 ጊዜ በቂ ነው። አንዱ ውግ በሁለቱም ቅጠል ላይ፣ ከዕጥፋቱ እኩል ርቀት ላይ ብስ ይተዋል፤ የግራው የቀኙ መስተዋት ይሆናል። የመስመሮቹንም ርቀት ለየገጹ አይለኩም፤ አንድ ጊዜ በጥንቃቄ የተበሳ ቀጭን የብራና ስንጥር ነበራቸው፣ እሱን ዳሩ ላይ አስተኝተው በብሶቹ በኩል ይወጋሉ። አንዳንዱ ጸሐፊ ሥራ ለማፋጠን ብዙ ዕጥፍ ደርቦ ይወጋል። እዚህ ላይ ወስፌው ራሱ መስመር መሆኑ ይታያል፤ በአንድ መስመር ብዙ ጠለሎች ይበሳሉ። ወስፌው ለብራናው ቀጤ ነክ ሆኖ ከቆመ ብሱ በሁሉም ቅጠል ላይ አንድ ቦታ ይውላል። ትንሽ ዘመም ካለ ግን በላይኛው ቅጠልና በታችኛው መካከል ነጥቡ ይሸሻል፤ መስመሩም አብሮ ይሸሻል። የየኔታ አውራ ጣት ወስፌውን የሚይዘው ከጎን ሳይሆን ከአናቱ ነበር፤ ቀጥ ብሎ መውረዱን ለማረጋገጥ። እኔ ከጎን ስይዘው በእጄ ላይ ቸብ ያደርጉኝ ነበር።

ቀዳዳ ከጠመኔ የተሻለ ነጥብ ነው። ቀዳዳው ላይ ምንም የለም፤ ነጥቡ ቦታ ብቻ ነው። ያ የኋላ ወንበር ልጅ የኔታ ዘንድ ቢቀመጥ ኖሮ የሚከራከርበት ዱቄት ባላገኘ ነበር።

መስመሩ ከዚህ በኋላ ቀላል ነው። ቀጥ ያለ እንጨት ከአንዱ ብስ ወደ አቻው ይጋደማል፤ ጫፉ በዶለዶመ ብረት ጠበቅ ተደርጎ ይሳባል። ብራናው አይቆረጥም፣ አይቀባም፤ ይሰረጉዳል ብቻ። ሁለት ነጥብ አንድ መስመር ብቻ ስለሚወስን፣ ጸሐፊው በመካከል ላይ ምንም ምልክት አያስፈልገውም፤ መስመሩ የመጀመሪያውን ዓምድ፣ በዓምዶቹ መካከል ያለውን ባዶ፣ ሁለተኛውን ዓምድ፣ ዕጥፋቱን፣ ቀጥሎ ያለውን ገጽ እያቋረጠ እስከ ማዶው ዳር ይሄዳል። ከቋሚዎቹ ጋር በተገናኘ ቁጥር አንድ ነጥብ ይወለዳል፤ የዓምዱ መነሻና መድረሻ እነዚያ ነጥቦች ናቸው።

አንድ ቀን «የኔታ፣ ለምን ቀለም አያደርጉበትም? ይታይ ነበር እኮ» አልኳቸው። «ቀለም የፊደል ነው» አሉኝ። «መስመር እንዲያገለግል ነው እንጂ እንዲታይ አልተጠራም።» ከዚያ ቅጠሉን ገልብጠው በጀርባው በኩል አሳዩኝ። በፊት ለፊት የሰረጎደው መስመር በጀርባው ጉብ ብሎ ወጥቷል። በአንድ ስባት የፊቱም የጀርባውም ገጽ ተሰምሯል። በቀለም ቢሆን ጀርባውን እንደገና መለካትና ማስመር ሊኖርባቸው ነው። እኔ እስከዛሬ ካየኋቸው መስመሮች ሁሉ ስፋት አልባ ለሚባለው የዩክሊድ መስመር የሚቀርበው ይህ ነው፤ ከብራናው ላይ የተጨመረ ምንም ነገር የለም፣ የተቀነሰም የለም፤ የገጹ መታጠፊያ ብቻ ነው።

ዕጥፋቱ ራሱ ደግሞ ሌላ ትምህርት ነው። ሁለት ጠለሎች ከተገናኙ የሚገናኙት በመስመር ነው፤ የዕጥፉ ሁለት ቅጠሎች የሚገናኙት በጀርባው መስመር ነው፤ ስፌቱም የሚያልፈው በዚያው ነው። አራት ዕጥፍ አንዱ በአንዱ ውስጥ ሲገባ ጥራዝ ይሆናል። ከዚህ አንድ የሚያስደንቅ ነገር ይከተላል፤ አንባቢ ራሱ ሊያየው ይችላል። የብራና መጽሐፍ ሲገልጡ ግራና ቀኝ የሚያዩዋቸው ሁለት ገጾች አብዛኛውን ጊዜ የተለያዩ ዕጥፎች ናቸው። ስለዚህ የግራው መስመርና የቀኙ መስመር አንድ አይደሉም፤ ልብ ብለው ካዩ በፀጉር ያህል ይተላለፋሉ። በጥራዙ መካከል ላይ ብቻ ነው ሁለቱም ገጾች የአንድ ዕጥፍ ግማሾች የሚሆኑት፤ ስፌቱም እዚያ ይታያል። እዚያ መስመሩ ዕጥፋቱን ሳይቆረጥ ይሻገራል። እኔ መጽሐፍ ሲሰጠኝ ጥራዝ የምቆጥረው በዚህ ነው፤ የተሻገረ መስመር ባገኘሁ ቁጥር አንድ ጥራዝ መካከል ላይ ነኝ።

የነጥቡ አጣጣል እንደ መጽሐፉ ይለያያል። ዳዊት አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዓምድ ይጻፋል፤ እያንዳንዱ ስንኝ የራሱ መስመር አለው። ወደ መጨረሻው ውዳሴ ማርያም ሲደርስ ግን ገጹ በሁለት ዓምድ ይከፈላል፤ ቋሚዎቹ ነጥቦች እዚያ ላይ ይጨምራሉ። ስለዚህ ዳዊትን ፊደሉን ሳያነቡ፣ ብሱን በጣት እየዳሰሱ ብቻ የት ላይ እንደደረሱ ማወቅ ይቻላል። ትልልቅ ስንክሳሮች ሦስት ዓምድ ሊኖራቸው ይችላል። ድጓ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ ከፊደሉ በላይ የዜማው ምልክት ይገባል። ምልክቱን በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን የደረሱት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል መሆናቸው ይነገራል። ምልክት የሚገባበት መጽሐፍ ፊደሉ ደቀቅ፣ በመስመርና በመስመር መካከል ያለው ቦታ ሰፋ ማለት አለበት፤ ይህ የሚወሰነው ዜመኛው ምልክቱን ሲያስገባ ሳይሆን ወስፌው በሚወጋበት ሰዓት ነው።

ልማዱ ምን ያህል ጥንታዊ ነው? ዓድዋ አጠገብ ባለው በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌሎች በኦክስፎርድ በተደረገ የካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ እንደተዘጋጁ ተገምቷል። በመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ የቂሳርያው አውሳብዮስ ያዘጋጃቸው ሠንጠረዦች አሉ፤ አራቱን ወንጌላት እያስተያዩ የሚመሳሰለውን ምንባብ በቁጥር የሚያሳዩ ናቸው። ቁጥሮቹ በቀጥ ያሉ ዓምዶች መካከል ቁልቁል ተደርድረው፣ ከላይ በቅስት ተከድነዋል። ለእኔ ይህ ገጽ ከሥዕሎቹ ሁሉ ይበልጣል። ቋሚዎቹ ትይዩ ካልሆኑ ቁጥሮቹ ይምታታሉ፤ ቅስቱም ማዕከል የሚሆን ነጥብ ይፈልጋል። የአክሱም ዘመን ሰው ይህንን ሠርቶ ትቷል።

ኦክስፎርድን ካነሣሁ ሌላም ነገር እዚያው አለ። ዩክሊድ ራሱ የደረሰን በብራና ነው። ዛሬ በኦክስፎርድ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት የተቀመጠው የዩክሊድ ቅጂ እ.ኤ.አ. በ888 ስቴፋኖስ የተባለ ጸሐፊ ለፓትራሱ አሬታስ በግሪክኛ የገለበጠው ነው። መስመር ስፋት እንደሌለው የሚያስተምረው መጽሐፍ የተጻፈው እንደ የኔታ ዓይነት ሰው ባዘጋጀው ቆዳ ላይ ነው።

የብራናው ሙያ የተዳከመው በአንድ ቀን አይደለም። የግዕዝ ፊደል ለመጀመሪያ ጊዜ በማተሚያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም ውስጥ ነው፤ ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን ቶማስ ወልደ ሳሙኤል በተባለ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ እየተረዳ ዳዊትን አሳተመ። በማተሚያ ውስጥ ፊደሉ ራሱ የብረት ስለሆነ እርስ በርስ ተጠጋግቶ ይሰለፋል፤ ወስፌም ስባትም አያስፈልገውም። እዚህ አገር ግን ያ ነገር ለአራት መቶ ዓመት ያህል የብራናውን ሥራ አልነካም። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ ነው ዳዊቱ በየቤቱ በወረቀት የገባው፤ ልጁም የተሰመረለት ደብተር ከሱቅ መግዛት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። የተሰመረ ደብተር የያዘ ልጅ መስመር ከየት እንደሚመጣ መጠየቅ አያስፈልገውም። ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ እኔ ዘንድ መጥቶ «ሁለት ነጥቦች አንድ መስመር ይወስናሉ» የሚለውን ይሸመድዳል።

ጥናቱ ግን ዘግይቶም ቢሆን ተጀምሯል። ሥርግው ሀብለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1981 የኢትዮጵያን የመጽሐፍ አሠራር ከቆዳው እስከ ድጉሱ የሚተርክ መጽሐፍ አውጥተዋል። ዛሬ የብራና አጥኚዎች ብሱ የት እንደተወጋ፣ የመጀመሪያው የጽሑፍ መስመር ከመጀመሪያው ስርጉድ በላይ ነው ወይስ በታች የሚለውን እየመዘገቡ የመጽሐፉን ዘመን ለመገመት ይጠቀሙበታል። ቀን ያልተጻፈበት መጽሐፍ ብዙ በሆነበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ፊደል ይኮረጃል፤ የጥንቱን እጅ አስመስሎ የሚጽፍ ሰው አለ። የነጥቡን አወጋግ ግን ማንም ለማስመሰል አያስብም፤ ስለዚህ አይዋሽም።

መረጃው ግን እያመለጠን ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ሥራ በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍትን ከጥፋት አድኗል፤ ጌታቸው ኃይሌም ዕድሜያቸውን በዚያ ካታሎግ ላይ አሳልፈዋል። ምስጋና የሚገባው ሥራ ነው። ሆኖም ፊደሉ እንዲነበብ ተብሎ የተነሣ ጥቁርና ነጭ ፊልም ስርጉዱን መስመር አያወጣም። ዛሬም በዲጂታል ካሜራ የሚነሡት ብዙዎቹ እንደዚያው ናቸው፤ መብራቱ ከፊት ለፊት ስለሚያርፍ ገጹ ልሙጥ ሆኖ ይታያል። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ተዘርፈው ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ካሉት 350 ያህል ብራናዎች አንዱን በኮምፒዩተር ከፍቼ መስመሩን ስፈልግ ብሱን አገኘሁ፣ ስርጉዱን ግን አላገኘሁም። መጽሐፉ ላይ አለ፤ ፎቶው ላይ የለም።

ከዚህ የከፋው መቀስ ነው። አሮጌ መጽሐፍ እንደገና ሲጠረዝ ጠራዡ ዳሩን አስተካክላለሁ ብሎ ይከረክመዋል። የሚወድቀው ባዶ ኅዳግ ይመስለዋል፤ ብሶቹ ያሉት ግን እዚያው ዳር ላይ ነው። በአንድ ደብር እንዲህ ተከርክሞ በአዲስ ገበታ የተጠረዘ ስንክሳር አይቻለሁ፤ መስመሩ አለ፣ የመስመሩ ነጥቦች ግን የሉም።

ስለዚህ ብራና በእጃችሁ ያለ፣ በየደብሩ ዕቃ ቤት፣ በየቤታችሁ ሣጥን፣ በውጭ አገር ከወላጅ ወርሳችሁ ያስቀመጣችሁም ብትሆኑ ልለምናችሁ። ስታስጠርዙ ዳሩን አታስከርክሙ። ተጣምሟል ብላችሁ በካውያ አትተኩሱት፤ ሙቀቱ ብራናውን ያኮማትረዋል፣ ስርጉዱንም ያጠፋዋል። ፎቶ ስታነሡ ከእያንዳንዱ መጽሐፍ ቢያንስ አንድ ገጽ መብራቱን ከጎን አድርጋችሁ ድገሙት። ገና በሕይወት ያለ ቁም ጸሐፊ በአካባቢያችሁ ካለ ደግሞ ቅኔውን ብቻ አትቅረጹ፤ ወስፌውን እንዴት እንደሚይዝም ቅረጹት።